ከካሜራው ጀርባ ቦታ አለህ

ደቡብ ኦሞን ዓለም የሚያውቀው በካሜራ ነው። ከንፈሯ ላይ የሸክላ ገል ያደረገችውን የሙርሲ ሴት፣ በተደረደሩ ከብቶች ላይ የሚዘለውን የሐመር ጎረምሳ፣ ገላውን በነጭ አፈር ያስጌጠውን የካራ ወጣት፣ ጂንካ የት እንዳለች የማያውቅ ሰው እንኳ በምስል ያውቃቸዋል። አካባቢው ፊልም ሲቀረጽበት ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ የምጽፈው ግን ምስሉ እንዲገኝ ላባቸውን ስለሚያፈሱት ሰዎች ነው። ይበልጡን ደግሞ ስለ አንተ ነው። ጂንካ፣ ቀይ አፈር፣ ዲመካ ወይም ቱርሚ ያደግህ፣ ትምህርትህን ጨርሰህ ሥራ የምትፈልግ፣ ቀረጻ የመጣ ቡድን ባየህ ቁጥር ዳር ቆመህ የምትመለከት ወጣት፣ ይህ ጽሑፍ ላንተ ነው።

በሙሉ ልቤ የማምነውን ልንገርህ። በትንሽ ገንዘብ፣ ከስቱዲዮ ውጭ የሚሠራ ፊልም ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ያ ትምህርት ቤት ደግሞ በየዓመቱ በራሱ እግር ጂንካ ድረስ ይመጣልሃል።

ብዙ ገንዘብ ያለው ቡድን ውስጥ እያንዳንዱ ሰው አንድ ሥራ ብቻ አለው። መብራት የሚይዘው መብራት ይይዛል፣ ገመድ የሚጠቀልለው ገመድ ይጠቀልላል፣ አንዱ የሌላውን ዕቃ አይነካም። አምስት ስድስት ሆኖ በአንድ ላንድክሩዘር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አልፎ፣ ወይጦን ተሻግሮ ጂንካ የሚገባው ቡድን ግን እንዲህ ያለ ቅንጦት የለውም። ሹፌሩ ጀኔሬተር ያስነሳል። ድምፅ የሚቀዳው ልጅ ሽሮ ያበስላል። ዳይሬክተሩ ራሱ ትራይፖድ ተሸክሞ ዳገት ይወጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ እዚህ አንድ ተጨማሪ እጅ ሲገኝ ሁሉም እፎይ ይላል። ስለዚህ ዲፕሎማህን የሚጠይቅህ የለም። «እጅህ ባዶ ነው? ና እስቲ ይቺን ያዝልኝ» ይሉሃል፣ በቃ። ብዙ የፊልም ሰው ወደ ሙያው የገባው በዚህች በር ነው።

ቱርሚ አጠገብ፣ ውሃው ደርቆ አሸዋው በቀረበት የካስኬ ወንዝ ዳር ያየሁትን ልጅ አልረሳውም። የጂንካ ልጅ ነው፤ የተቀጠረው ዕቃ እንዲሸከም ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት ግራር ሥር ተቀምጠው ሲናገሩ ፊታቸው በጥላው ተውጦ አልታይ አለ። ብርሃን የሚመልሰውን ሪፍሌክተር ደግሞ ጠዋት ነፋስ ገንጥሎት ነበር። ሁሉም ተያይቶ ቆመ። ልጁ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ መኪናው ሄደና ፀሐይ እንዳይገባ የፊት መስታወት ላይ የሚደረገውን ብርማ መጋረጃ ይዞ መጣ። መጀመሪያ ብርሃኑን አንድ የግራር ግንድ ላይ ጥሎ ሞከረው። የት እንደሚያርፍ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ አዛውንቱ አዞረው፤ ዓይናቸውን ጨፈን ሲያደርጉ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገና ትንሽ ጎንበስ አደረገው። ፊታቸው ላይ ያለው መስመር ሁሉ ወጣ። ካሜራማኑ ከካሜራው ላይ ቀና ሳይል «እዛው ቁም! እንዳትነቃነቅ!» አለው። ከዚያ ቀን በኋላ የመብራቱን ነገር የሚጠይቁት እሱን ሆነ፤ ዕቃውን ደግሞ ሁሉም ተካፍሎ ተሸከመ።

ልጁ የተለየ ዕድል አልገጠመውም። ያደረገው ሦስት ነገር ነው። ሥራው ሲቆም ለምን እንደቆመ ተረዳ፣ በአካባቢው ያለውን ዕቃ በዓይኑ ፈለገ፣ አዛውንቱ ላይ ከመሞከሩ በፊት ዛፍ ላይ ሞከረ። ይህንን ማድረግ አንተም ትችላለህ። እንዲያውም ከከተማ ከመጣው የተሻለ ትችላለህ፣ ምክንያቱም ፀሐዩን ታውቀዋለህ። አካባቢው ከምድር ወገብ የሚርቀው ስድስት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆምና የሰው ዓይን ጉድጓድ ሆኖ ይጠቁራል። ለዚህ ነው ቡድኑ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ እስከ ሦስት ሰዓት የሚሯሯጠው፣ ከዚያም ከአሥር ሰዓት በኋላ እንደገና የሚጀምረው። የትኛው ተራራ ፀሐይዋን ቀድሞ እንደሚጋርዳት፣ ከብቶች በየት በኩል አቧራ እያስነሡ እንደሚገቡ አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቃለህ። ዳይሬክተሩ ይህንን ለማወቅ ቀናት ያጠፋል፤ ቀን ደግሞ ገንዘብ ነው።

ስለ ድምፅ ደግሞ ትንሽ ልበል፤ እኔ ከሁሉም ሥራ የምወደው እሱን ስለሆነ ነው። ተመልካች መጥፎ ምስል ይታገሣል፣ መጥፎ ድምፅ ግን አይታገሥም። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ድምፅ መቅዳት ፈተናው ብዙ ነው። ነፋሱ ማይኩን ይመታዋል፣ ስለዚህ ጸጉራሙ መሸፈኛ ከላዩ መውረድ የለበትም። የሐመር ሴቶች እጅና እግር ላይ ያለው የብረት አምባር በእያንዳንዱ እርምጃ ይንቃጨላል። ከተማ ውስጥ ደረት ላይ በሸሚዝ ሥር የሚደበቀው ትንሽ ማይክ፣ ሸሚዝ ያላደረገ ሰው ላይ የት ይደበቅ? በጨሌው ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ግን ዶቃው እየፋተገ ያንኮሻኩሻል። በዚህ ጊዜ ረጅሙን የቡም ዘንግ ይዞ፣ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ከምስሉ ጠርዝ ውጭ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው መሆን ትችላለህ። ክንድህ ጠንካራ ነው፣ ዝም ብሎ መቆምም ከብት ስትጠብቅ ተምረኸዋል። ቀረጻው ካለቀ በኋላ «ሁሉም ዝም!» ብለህ የቦታውን ድምፅ ብቻ አንድ ደቂቃ ቅዳ፤ ኤዲተሩ ሩቅ አገር ተቀምጦ ንግግሮቹን ሲቀጣጥል ያቺን ደቂቃ ይፈልጋታል። አምባሩ ሲንቃጨል ደግሞ ለብቻው ቅዳው። ሲያስቸግርህ የዋለው ድምፅ ለፊልሙ ውበት ይሆነዋል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ሥራ የትዕይንቶችን ተከታታይነት መጠበቅ ነው፤ ባለሙያዎቹ ኮንቲኒዩቲ ይሉታል። ትወና ያለበት ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረጽም። ዛሬ በር ላይ የምትታየው ሴት ቤት ውስጥ ስትገባ የምትቀረጸው ከሦስት ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል። የሐመር ሴት ጸጉሯን በቀይ አፈርና በቅቤ ትቀባዋለች፤ በሦስት ቀን ውስጥ ቀለሙ ይለወጣል፣ አንዳንዴም አዲስ ተቀብታ ትመጣለች። የካራ ሰው ገላው ላይ የሣለው ሥዕል ከታጠበ ነገ ያንኑ መልሶ አይሥለውም። ስለዚህ በስልክ ፎቶ እያነሣ፣ ጨሌው ስንት ረድፍ እንደነበር፣ ዱላው በየትኛው እጅ እንደነበር በደብተር የሚጽፍ ሰው ከሌለ ፊልሙ ይበላሻል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና የነቃ ዓይን ነው። ከዚህም በላይ፣ የትኛው ጨሌ ያገባች ሴት እንደሆነ፣ የትኛው ያላገባች ልጃገረድ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ከሩቅ የመጣ ሰው ሁለቱን ቀላቅሎ ቢቀርጽ ፊልሙን ያዩት የአገሩ ሰዎች ያዝናሉ። አንተ ካለህ አይቀላቀልም።

ማታ ሁሉም ደክሞት ሲተኛ አንድ ሰው ይቀራል። የካሜራውን ካርድ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይገለብጣል፣ አንዱን ራሱ ይይዛል፣ ሌላውን በሌላ ሻንጣ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ባትሪ ይሞላል። መብራት ከሌለ ከመኪናው ባትሪ ወይም ከሶላር ይሞላል። አቧራውን በብሩሽ ይጠርጋል። በዚህ ሥራ ላይ ስምህ «እምነት የሚጣልበት» ተብሎ ከተጠራ የሚቀጥለው ቡድን ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ይደውልልሃል።

«በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ነገር የት ይደርሳል?» የሚሉህ ይኖራሉ። ኃይሌ ገሪማን አስታውሳቸው። የጎንደሩ ልጅ አሜሪካ ዩሲኤልኤ ሲማር፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ክረምት አገሩ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። የንጉሡ ሥርዓት እየወደቀ፣ ደርግ እየገባ ነበር። ቀረጻው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ወሰደ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ የተቀረጸው በ16 ሚሊሜትር ነው፣ ቡድኑ ትንሽ ነበር፣ የተወኑትም ሙያተኛ ተዋንያን አልነበሩም። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚረዝመው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ በቅቶ የአፍሪካ ሲኒማ ታላላቅ ሥራዎች ከሚባሉት ተርታ ገባ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ለትውልድ እንዲቆይ በማርቲን ስኮርሴዚ ፋውንዴሽን አማካይነት ታድሷል። ያንን ሁለት ሳምንት ፊልም ያደረገው የጥቂት ሰዎች ትጋት ነው።

ወደ ደቡብ ኦሞ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1974 የእንግሊዙ ግራናዳ ቴሌቪዥን «ዘ ሙርሲ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም አወጣ፤ ዳይሬክተሩ ሌስሊ ዉድሄድ ሲሆን አብሮት የሠራው ሙርሲ ዘንድ ለዓመታት ጥናት ሲያደርግ የነበረው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ነው። ጥሩ ፊልም ነው፤ ሙርሲዎች ተሰብስበው ሲከራከሩ፣ ተናጋሪው እየተራመደ ሐሳቡን ሲያስረዳ ያሳያል። ያኔ ሙርሲዎች ከካሜራው ፊት ነበሩ። 35 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ «ሹቲንግ ዊዝ ሙርሲ» የሚባል ፊልም ወጣ። ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ቤን ያንግ ነው፤ ሁለተኛው ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ የተባለ የሙርሲ ተወላጅ ነው። ኦሊሳራሊ በአንድ ትከሻው ክላሽ፣ በሌላ እጁ ካሜራ ይዞ የሕዝቡን ሕይወት፣ በፓርኮች መካከል ባለ መሬታቸው የሚኖሩበትን ጭንቀት፣ ከጎረቤት ጋር ያለውን ግጭትና ሰላም በራሱ ዓይን አሳየ።

ይህንን ደግመህ አስበው። በመጀመሪያው ፊልም ጊዜ የሙርሲ ልጅ ካሜራ ይይዛል ብሎ ያሰበ ማን ነበር? ዛሬ ስለ ሙርሲ ፊልም የሚያጠና ተማሪ ሁለቱንም ፊልሞች ጎን ለጎን ያያል። ኦሊሳራሊ ትልቅ ስቱዲዮ፣ ትልቅ ጀኔሬተር አልነበረውም። የነበረው ማንም ሊገዛው የማይችለው ነገር ነው። ሰዎቹ ሲያዩት ፊታቸውን አያጠቁሩም፣ ሽማግሌ ሲናገር መቼ ማቋረጥ እንደማይገባ ያውቃል፣ የትኛው ቀልድ ሕመም እንደያዘ ያውቃል። አንተም ይህ አለህ። የጎደለህ ሙያው ብቻ ነው፤ ሙያ ደግሞ በሥራ ላይ ይገኛል።

እህቴ፣ ይህ ለአንቺም ነው፤ እንዲያውም በአንዳንድ ነገር ከወንድምሽ ትቀድሚያለሽ። አንትሮፖሎጂስቷ ዣን ሊዳል ከባለቤቷ ከኢቮ ስትሬከር ጋር ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐመር ውስጥ ኖራለች። ከጆአና ሄድ ጋር ለቢቢሲ የሠራቻቸው ፊልሞች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው «ዘ ዊሜን ሁ ስማይል»፣ የሐመር ሴቶች ስለ ትዳርና ስለ ኑሯቸው እየሳቁ በግልጽ የሚያወሩባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን «ዱካስ ዳይሌማ»ን ደግሞ ከልጇ ከካይራ ስትሬከር ጋር ሠራችው፤ ካሜራውን የያዘችው ልጅየዋ ናት። እናትና ልጅ። ከዚህ ያነሰ ቡድን የት ይገኛል? ሁለቱም ሴቶች ስለሆኑ ወንድ ካሜራማን እግሩን የማያስገባበት ጎጆ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፣ ሴቶቹም እንደ ቤተሰብ አዋሯቸው። በደቡብ ኦሞ ገና ያልተነገረው የሴቶች ታሪክ ብዙ ነው። አሪ ውስጥ ሸክላ የምትሠራዋ እናት፣ ሌሊት ተነሥታ ማሽላ የምትፈጨዋ ልጅ፣ የቡና ገለፈት ተፈልቶ በሚጠጣበት በሾፎሮ ዙሪያ የሚወራው ወሬ፣ ይህ ሁሉ የሚጠብቀው ሴት ድምፅ ቀጂ፣ ሴት ካሜራማን፣ ሴት አስተርጓሚ ነው። ዣንና ኢቮ ለጂንካም ትልቅ ነገር ትተዋል። ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል ሲመሠረት ኢቮ ዋናው አንቀሳቃሽ ነበር። ያላየኸው ከሆንክ ሄደህ እይ፤ የአካባቢህን ሕዝቦች ዕቃና ታሪክ በአንድ ቤት ታገኛለህ። ፊልም ልሠራ ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ስለ ቋንቋም ሳልናገር አላልፍም። ከጂንካ በመኪና በጥቂት ሰዓት ርቀት ውስጥ የኦሞቲክ፣ የኩሽና የናይሎ ሰሃራ ቋንቋዎች ይነገራሉ። አሪኛና ሐመርኛ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሙርሲኛ ከሁለቱም የራቀ ነው፤ ዳሰነችና አርቦሬ የኩሽ ቤተሰብ ናቸው። አማርኛ ላይ ሐመርኛና አሪኛ የጨመርክ ልጅ ከሆንክ ያለ አንተ ቀረጻው አይነሣም። ያም ሆኖ ብዙ ወጣቶች አስተርጓሚነትን የአንድ ቀን ጉዳይ አድርገው አበላቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። እኔ የምመክርህ ትርጉሙን ይዘህ እንድትቆይ ነው። ማታ የተቀዳውን ንግግር ሰምተህ በጽሑፍ አስቀምጠው፤ የትኛው ደቂቃ ላይ ምን እንደተባለ ጻፍ። ኤዲቲንግ ሲጀመር ያ ጽሑፍ ያለው ሰው ከዳይሬክተሩ ጎን ይቀመጣል።

በዚሁ ላይ የሕሊና ጉዳይ አለ። ቱሪስት በመጣ ቁጥር ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ብር የሚባለው ነገር ሰዉንም እንግዳውንም አሰልችቷል። ለፊልም ደግሞ ጨርሶ አይሠራም፣ ምክንያቱም ካሜራው ሲዞር ይውላል። እዚህ ላይ ነው የአገሩ ልጅ ዋጋ የሚታወቀው። ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን ታስፈጽማለህ፣ ከዚያ ካሜራው ከሻንጣ ሳይወጣ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ትሄዳለህ። ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያየው፣ ለመንደሩ ምን እንደሚከፈል፣ «አይሆንም» ያለ ሰው እንደማይቀረጽ በቋንቋቸው ታስረዳለህ። ከብት ዝላይ ካለ ሥርዓቱ የእነሱ ነው፣ ካሜራው እንግዳ ነው። ይህንን በትክክል ያደረገ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ሲመለስ ቡና ይፈላለታል።

እና ምን ትጠብቃለህ? ቅዳሜ የጂንካ ገበያ አለ። ስልክህ ካሜራ ነው። የነሪን ወንዝ ወይም የሸክላ ሻጯን እናት፣ አስፈቅደህ፣ ሦስት ደቂቃ ቅረጽ፤ ጠዋት በጥሩ ብርሃን። ድምፁን በጓደኛህ ስልክ ለብቻው ቅዳ፣ እሱ ቡም ያዥ ይሁን። እህትህ ደብተር ይዛ ትከታተል። ነጻ በሆነ የስልክ ኤዲቲንግ መተግበሪያ ቀጣጥለው። ከዚያ አንድ ሌላ ሥራ። የፊልም ቡድን ከተማ ሲገባ ሆቴሎቹም ሹፌሮቹም ቀድመው ይሰማሉ፤ ስልክህን ለእነሱ ስጥ። ፊት ለፊት ሲጠይቁህ «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» አትበላቸው፣ እሱን ሁሉም ይላል። «ሐመርኛ እችላለሁ፣ ቡም መያዝ ለምጃለሁ፣ ይኸው የሠራሁት» በላቸው፤ ሦስቱን ደቂቃ አሳያቸው።

ሥራውን ስታገኝ ክፍያህን በጽሑፍ ተስማማ፣ ስምህም በፊልሙ መጨረሻ እንዲወጣ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቅ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ራስህ ጽፈህ ስጣቸው፤ ከጎኑ የሠራኸውን ሥራ በሙሉ ስሙ አስጽፍ፣ ረዳት ድምፅ ቀጂም ሆነ የመብራት ሠራተኛ። የፊልሙን ቅጂ እንዲልኩልህም ተነጋገር። ሲደርስህ መጀመሪያ የሚያዩት የተቀረጹት ሰዎች ይሁኑ፤ ፕሮጀክተር ከትምህርት ቤት ወይም ከጂንካ ዩኒቨርሲቲ ለምኖ መንደር ድረስ መውሰድ የአንተ ሥራ ነው።